ግንቦት 2 ቀን 1928፣ ትሪፖሊ ላይ የመኪና ውድድር ነበር

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና የያዘ ቡናውን እየጠጣ፣ ፈረቃ ላይ ያለ እረፍቱን ጠብቆ ያንብበው። እየነዳችሁ እንዳታነቡ ብቻ፤ ግማሾቻችሁ ሾፌሮች እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው የሊማሊሞን መንገድ ፎቶ የለጠፍኩ ጊዜ ነው። አንድ ወንድማችን «ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ይህን ሠራ፤ ሃያ ዓመት ቢቆይ የት በደረስን» ብሎ ጻፈ። ሌላው ሰደበው፣ እሱም መለሰ፣ ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እውነቱን ለመናገር ስላፈርኩ ነው። አገር ቤት የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ ያንኑ ነገር ስንት ጊዜ ብያለሁ! ጣርማበር ዋሻ በገባሁ ቁጥር ልቤ ይሞቅ ነበር። ያንን ተራራ በዚያ ዘመን መሣሪያ መብሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ክርክር በኋላ አንድ ሌሊት ከስቱትጋርት አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የኛ ልጅ ጫንኩ። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። በመስታወቱ አየኝና «ጋሼ፣ አበሻ ነዎት?» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ስናወጋ ሄድን። በሊቢያ ነው የመጣው። ስለ እስሩ ብዙ አላወራም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አንድ ነገር ብቻ እየሳቀ ነገረኝ፦ «በሕይወቴ መጀመሪያ አውሮፕላን የተሳፈርኩት ከሚቲጋ ነው። ከእስር ቤት አውጥተው በሌሊት ወሰዱን። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ይመልሱናል ብዬ ወንበሩን እንደጨበጥኩ ነበር።»

ሚቲጋ። ስሙን ስሰማ መሪውን ይዤ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ስቱትጋርት የሚኖር ሰው መርሴዲስን መሸሽ አይችልም፤ የምነዳውም እሱን ነው። እዚህ ያለው የመርሴዲስ ሙዚየም ውስጥ አንድ አዳራሽ አለ። እንደ ውድድር ኩርባ ዘንበል ተደርጎ በተሠራ መንገድ ላይ የድሮዎቹ ብርማ መኪኖች ተደርድረዋል። ስለ እነዚያ መኪኖች ሳነብ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር፦ ትሪፖሊ፣ መላሓ። መላሓና ሚቲጋ አንድ ቦታ ናቸው። ልጁን ቤቱ ካደረስኩ በኋላ ስሙ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ማዞሪያ ላይ ተራ ስጠብቅ ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው።

ከትሪፖሊ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ወደ ታጁራ በሚወስደው በኩል፣ ባሕሩን ተጠግቶ የጨው ሐይቅ ነበር። መላሓ በዓረብኛ የጨው ቦታ ማለት ነው። ዙሪያው አሸዋና የቴምር ዛፍ ነው። ጣልያኖች በ1923 እዚያ ለጦር አውሮፕላኖቻቸው ሜዳ አበጁ። የመኪና ውድድርም ከ1925 ጀምሮ በአካባቢው ያካሂዱ ነበር፤ ግን ተራውን የገጠር መንገድ ተከትሎ 71 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞር ውድድር ስለነበር ገንዘቡም አልበቃ፣ አደጋውም በዛ፣ ከ1930 በኋላ ቆመ። በ1933 በአዲስ መልክ መጡ። ሐይቁንና የአውሮፕላን ሜዳውን አንድ ላይ የሚዞር፣ ለውድድር ብቻ የታሰበ የ13.1 ኪሎ ሜትር መንገድ አነጠፉ። መነሻው ላይ ነጭ የኮንክሪት የተመልካች መቀመጫና ማማ አቆሙ። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። ዛሬ ተሠራ ቢባል ማንም ያምናል፤ እውነት ያምራል።

እንደ መሐንዲስ ትንሽ ልዘባርቅ፣ ታገሱኝ። የዚህ መንገድ ጉዱ ኩርባዎቹ ናቸው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ሲታጠፍ፣ ጎማው የመኪናውን ክብደት ግማሽ ያህል ወደ ጎን ቢይዝለት እንኳ፣ የኩርባው ራዲየስ ከ600 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግ የሚያስፈልገው ራዲየስ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ብዙ መሬት ይበላል። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ መሬት ማግኘት ከባድ ነው፤ ጫካውም ርስቱም ባለቤት አለው። እዚያ ግን ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ባለቤቱንም ማንም አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት መላሓ በዘመኑ ከዓለም ፈጣን የውድድር መንገዶች አንዱ ሆነ። ሙቀቱና አሸዋው ጎማ ይበላ ነበር፤ ብዙ ውድድር የተሸነፈው በሞተር ሳይሆን በጎማ ነው።

መንገድ ስንነድፍ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የአፈሩ ወይም የአስፋልቱ አይደለም። «ማን ነው የሚሄድበት?» ነው። የትራፊኩ ዓይነት ካልታወቀ ውፍረቱም፣ ስፋቱም፣ ኩርባውም አይታወቅም። መላሓ ላይ የሄደው ማን ነበር? በዓመት አንድ እሑድ ከሠላሳ የማይበልጡ መኪኖች። ከፋዩስ ማን ነበር? እዚህ ላይ ሎተሪው ይመጣል።

ውድድሩን በገንዘብ እንዲያቆም የታሰበው ብልሃት የመንግሥት ሎተሪ ነበር፤ ሐሳቡን ካመጡት አንዱ ጆቫኒ ካኔስትሪኒ የሚባል የስፖርት ጋዜጠኛ ነው። «የሚሊዮኖች ሎተሪ» አሉት። ጣልያን አገር ያለ ድሃ ሁሉ ትኬት ገዛ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ትኬት በዕጣ ይደርሰዋል፤ ያ አሽከርካሪ ካሸነፈ ትኬቱን የያዘው ሰው ሚሊዮኖች ሊሬ ያገኛል። ችግሩ ታያችሁ? በ1933 ዕጣው የወጣው ከውድድሩ ቀናት ቀደም ብሎ ስለነበር ትኬት የደረሳቸው ሰዎች አሽከርካሪዎቹን ፈልገው ለማግኘት በቂ ጊዜ ነበራቸው። ተገናኝተው ሽልማቱን ለመካፈል ተዋዋሉ ተባለ። አኪሌ ቫርዚ ኑቮላሪን በሰከንድ ክፍልፋይ ቀድሞ ገባ። የመርሴዲስ ቡድን አለቃ የነበረው አልፍሬድ ኑይባወር ኋላ በጻፈው ትዝታ አሽከርካሪዎቹ እንዴት እየተጠባበቁ እንደነዱ እንደ ድራማ ተርኮታል። ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ብዙው ማጋነን ነው ይላሉ፤ የገንዘብ ስምምነት ነበረ፣ ውድድሩ ግን የውሸት አልነበረም የሚሉ አሉ። እኔ አልፈርድም። ብቻ በሚቀጥለው ዓመት የዕጣውን ደንብ ቀየሩት።

እስካሁን የስፖርት ወሬ ነው። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው በ1933 ሥልጣን ላይ የነበሩትን ሰዎች ስም አያችሁ? የጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ኤሚሊዮ ዴ ቦኖ። የሊቢያ ገዥ ፒየትሮ ባዶሊዮ። በምሥራቅ ሊቢያ፣ በቂሬናይካ፣ የባዶሊዮ ምክትል ሮዶልፎ ግራዚያኒ።

ሦስቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ዴ ቦኖ በ1935 መረብን የተሻገረው ነው። ባዶሊዮ እሱን ተክቶ በመርዝ ጋዝ እየረጨ አዲስ አበባ የገባው ነው። ግራዚያኒን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ የካቲት 12 ይበቃል። እኛ ትምህርት ቤት ስንማር እነዚህ ሰዎች ድንገት ከሰማይ ዱብ ያሉ ይመስለን ነበር። ከእኛ በፊት ሌላ ቦታ ሥራውን ተለማምደው ነው የመጡት።

በ1930 ባዶሊዮ አዘዘ፣ ግራዚያኒ ፈጸመ፦ ጀበል አል አኽደር ከሚባለው ተራራማ አገር ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከብት አርቢ፣ ከነልጁ ከነከብቱ ተነድቶ በሽቦ በታጠሩ የበረሃ ካምፖች ታጎረ። አርበኛው ዑመር አል ሙኽታር ስንቅ እንዳያገኝ ነው። በረሃቡና በበሽታው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። ከብቱ ከሞላ ጎደል አለቀ። ዑመር አል ሙኽታር በመስከረም 1931 ሶሉቅ ላይ፣ ታሳሪዎቹ እንዲያዩ ተደርጎ፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ተሰቀለ። ያ ነጭ የተመልካች መቀመጫ የተሠራው ካምፖቹ ገና ተዘግተው ሳያልቁ ነው። እርግጥ ቤንጋዚ ከትሪፖሊ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከመቀመጫው ላይ ሆኖ ምንም አይታይም።

አሁን ወደ ርእሱ ልምጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ሚያዝያ 27 ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ግንቦት 1፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ከሰገነቱ ወጥቶ «ኢምፓየር» አወጀ፤ የጣልያኑን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አለው። በማግሥቱ፣ ግንቦት 2፣ እሑድ፣ በፈረንጅ ግንቦት 10 ቀን 1936፣ የትሪፖሊ ግራንድ ፕሪ ነበር።

ይህንን ቀን ሳነብ ደግሜ ቆጠርኩት። ቀኑ ትክክል ነው። ጃንሆይ በእንግሊዝ መርከብ ሃይፋ ወርደው ኢየሩሳሌም ናቸው። አዲስ አበባ ገና የቃጠሎው ሽታ አልጠፋም። መላሓ ላይ ደግሞ 13.1 ኪሎ ሜትሩን አርባ ጊዜ ይዞራሉ።

የዚያን ቀን ገዥው ኢታሎ ባልቦ ነበር። ፈጣኖቹ መኪኖች የጀርመን አውቶ ዩኒየኖች ናቸው። ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠ፣ ባለ 16 ሲሊንደር፣ 6 ሊትር፣ 500 የፈረስ ጉልበት ያለፈ፤ የፈርዲናንድ ፖርሸ ሥራ ነው። አንዱን ጀርመናዊው ሃንስ ሽቱክ፣ ሌላውን ጣልያናዊው ቫርዚ ይነዳሉ። ወደ መጨረሻው ሽቱክ ይመራ ነበር። ከዚያ ከቡድኑ ቀስ እንዲል ምልክት ተሰጠው። ቫርዚ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ይገፋል፤ አንዱን ዙር በአማካይ በሰዓት ከ225 ኪሎ ሜትር በላይ ዞረው። ቫርዚ አንደኛ፣ ሽቱክ በጥቂት ሰከንድ ሁለተኛ ሆነ። ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ትእዛዙ ከላይ የመጣ ነው፤ ጀርመንና ጣልያን እየተቀራረቡ ስለነበር በጣልያን ግዛት፣ በዚያ ሰሞን፣ ጣልያናዊ ማሸነፍ ነበረበት። ማታ በተደረገው ግብዣ ባልቦ ብርጭቆውን ለቫርዚ ሳይሆን ለሽቱክ አነሳ፤ «ለእውነተኛው አሸናፊ» አለ ይባላል። ቫርዚ የተሰጠው ድል መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው።

ቫርዚ የሞርፊን ሱሰኛ ሆነ። ሱሱ የጀመረው በዚያች ሌሊት ነው የሚሉ ተራኪዎች አሉ፤ ተረት እንዳይሆን እፈራለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ሱሱን አሸንፎ ተመለሰ፤ በ1948 በርን ላይ በልምምድ ሞተ። ለሰውየው አዝናለሁ፣ አልዋሽም። ግን ስለዚያ እሑድ የተጻፈው ሁሉ የሚያዝነው ለሽቱክና ለቫርዚ ነው። ድሉ ተሠርቶ የተሰጠ ነው ተብሎ ሰማንያ ዓመት ይጻፋል። ከዋዜማው ሮም ላይ ስለታወጀው ነገር ግን አብዛኞቹ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ የላቸውም። ጣልያን በዚያን ሰዓት ከኢትዮጵያ ግማሹን እንኳ አልያዘም፤ አርበኛው ገና ጫካ እየገባ ነው። እሱስ ተሠርቶ የታወጀ ድል አይደለም?

ሌላም አለ። በዚያው ሰሞን ኦጋዴን ውስጥ በግራዚያኒ ሥር ሆነው ወገኖቻችንን የወጉት የሊቢያ ወታደሮች ነበሩ፤ በጄኔራል ናዚ የሚመራው የሊቢያ ክፍለ ጦር። ከእነሱ በፊት ደግሞ የኤርትራ አስካሪዎች ወደ ሊቢያ ተወስደው የሊቢያን ሕዝብ ወግተዋል። አንዱን ወስዶ ሌላውን ማስመታት። ዛሬ ሊቢያ ውስጥ ልጆቻችን ሲገረፉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ያኔ የእነሱ አያቶች የእኛን፣ የጎረቤቶቻችን አያቶች የእነሱን። ይህን የምጽፈው ዛሬ የሚገርፈውን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ የሚገርፍ ይጠየቃል።

የመኪናውን ታሪክ ሳልጨርስ እንዳልሄድ፦ ጀርመኖች በየዓመቱ እየመጡ ሲያሸንፉ ጣልያኖች በ1938 መጨረሻ ብልሃት አበጁ። «የ1939ኙ ውድድር ለ1.5 ሊትር መኪኖች ብቻ ነው» አሉ። ጀርመኖች የዚያ ዓይነት መኪና አልነበራቸውም። መርሴዲስ ስምንት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከባዶ ወረቀት ተነስቶ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 250 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያላት ትንሽ መኪና ሠራ፤ ሁለት ብቻ። ሁለቱም ትሪፖሊ ሄዱ። ሄርማን ላንግ አንደኛ፣ ካራቾላ ሁለተኛ። እንደ መሐንዲስ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እንደ ሰው ደግሞ እነዚያ ሁለት መኪኖች ከዚያ በኋላ በግራንድ ፕሪ ደግመው አልተሰለፉም። ውድድሩ የተደረገው ግንቦት ላይ ነው፤ ከአራት ወር በኋላ ፖላንድ ተወረረች።

ባልቦ ሌላም መንገድ ሠርቷል፤ ከቱኒዚያ ድንበር እስከ ግብፅ ድንበር በባሕሩ ዳር 1,800 ኪሎ ሜትር። በ1937 ሙሶሊኒ ራሱ መጥቶ መረቀው። «ጣልያን መንገድ ሠራልን» የሚል ሊቢያዊ ካለ ከእኛ የተሻለ ማስረጃ አለው ማለት ነው። አብዛኛውን ጉልበት የሠራው የአገሬው ሰው ነው። በ1938 በአንድ ጊዜ 20,000 የጣልያን ገበሬዎች በመርከብ መጥተው በዚያ መንገድ ወደ ተዘጋጀላቸው መሬት ተጓጓዙ። በ1940 ባልቦ ጦብሩቅ ላይ በራሱ ወገን የአየር መቃወሚያ ተመትቶ ሲሞት በቦታው የተተካው ማን መሰላችሁ? ግራዚያኒ! ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንደገና ሊቢያ። በዚያው መንገድ ጦሩን ወደ ግብፅ ነዳ። ከዚያ ሮመል፣ ከዚያ እንግሊዞች። ማን ነው የሚሄድበት ላልነው ጥያቄ መልሱ ታንክ ሆነ።

የመጨረሻው የትሪፖሊ ውድድር በግንቦት 1940 ተደረገ፤ ፋሪና በአልፋ ሮሜዮ አሸነፈ። ከወር በኋላ ጣልያን ጦርነት ገባ። በጥር 1943 እንግሊዞች ትሪፖሊን ያዙ። የአውሮፕላን ሜዳው ለአሜሪካኖች ሆነ፤ ዊለስ ብለው ሰየሙትና እስከ 1970 ትልቅ የጦር ሰፈር አደረጉት። እነሱ ሲወጡ ለሊቢያ ጦር ሆነ። ኋላ ለመንገደኞች ተከፈተ፣ ሚቲጋ ተባለ። በ2014 ዋናው የትሪፖሊ አውሮፕላን ማረፊያ በውጊያ ሲወድም የከተማይቱ በር ሚቲጋ ብቻ ሆነ።

ታጁራን ከላይ አንስቼዋለሁ፤ ውድድሩ ወደዚያ አቅጣጫ ይዞር የነበረበት መንደር ነው። ታጁራ ውስጥ የስደተኞች እስር ቤት ነበር። በሐምሌ 2019 መጀመሪያ ሌሊት ላይ ከአየር ተመታ። 53 ሰው ሞተ፤ በሮቹ ተቆልፈው የነበሩ አፍሪካውያን ናቸው። ያንን ቀን እዚህ የሚኖር ሁሉ ያስታውሳል፤ ስልኩ ላይ የዘመድ ስም እየፈለገ ያደረ ብዙ ነው።

ያ የጫንኩት ልጅ ታጁራ ነበር ወይ? አልጠየቅኩትም። ሲወርድ ሂሳቡን አልቀበልም አልኩት፣ ተጣላን፣ በግድ ሃያ ዩሮ ወንበሩ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። «ጋሼ፣ እኔ ዛሬ ሥራ አለኝ» አለ።

ለሊማሊሞው ወንድሜ መልሴ አሁን ይኸው ነው፦ ድንጋዩን ያለበሰውን ግንበኛ እኔም አደንቃለሁ፤ ጣርማበርም ደግሜ ብገባ ልቤ ይሞቃል። ግን ጣልያን የሠራውን ከመቁጠራችን በፊት ማን እንዲሄድበት እንደነደፈው እንጠይቅ። ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ ያወጣው፣ ገደል የገባው የኛ ሰው በየትም አልተጻፈም። ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም አባቱ በጣልያን ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ፣ ስለዚያ ያወራለት ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ በቀን ስንት ይከፈላቸው እንደነበር፣ ምን ይበሉ እንደነበር፣ በፈቃዳቸው ይሁን በግዳጅ። ልሰብስበው አስቤያለሁ። ስድብ የያዘ ግን እባካችሁ አይምጣ፤ ነገ ፈረቃዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይጀምራል።